ጀልባ ፏፏቴ የሚወጣበት ደረጃ

ይድረስ ለተወደድከው ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ለደብዳቤህ መልስ ሳልሰጥ ይህን ያህል በመቆየቴ ይቅር በለኝ። «ጀልባ ፏፏቴ እንዴት ይወጣል? ሎኩስ (ጀልባን በውሃ ገንዳ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በር ያለው ግንባታ) የኃይል ማመንጫውን ውሃ አይሻማም?» ብለህ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉበትን፣ አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት የሚገኘውን የዊላሜት ፏፏቴ ልንገርህ።

ፏፏቴው 12 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሎኩ የተከፈተው በፈረንጆቹ 1873 ነው፤ እንደ ደረጃ የተያያዙ አራት ገንዳዎች አሉት፣ እያንዳንዱ 64 ሜትር በ12 ሜትር። ፓምፕ የለም። ሽቅብ የሚሄደው ጀልባ ሲገባ የኋላው በር ይዘጋል፣ የላይኛው ቫልቭ ቀስ ተብሎ ይከፈታል፣ ውሃው በራሱ ወርዶ ገንዳውን ይሞላል። ከላይኛው ጋር ሲስተካከል በሩ ይከፈታል። ልዩነቱ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ቢቀር እንኳ፣ 6 ሜትር ስፋት ኖሮት 2 ሜትር ውሃ ውስጥ የገባ የበር ሳንቃ ላይ ከአንድ ቶን በላይ ግፊት አለ፤ አስገድዶ መክፈት በሩን የሚያንቀሳቅሰውን ማሽን መስበር ነው።

ቁልቁል ሲሆን ጥፋቱ ከገመድ ይመጣል። አጥብቆ ያሰረ ሰው ውሃው ሲጎድል ጀልባው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርበታል። ገመዱን በእጅ እየለቀቁ መውረድ ነው።

ሎኩን በፈረንጆቹ 2011 ያዘጋው ግን ዝገት ነው። ሳንቃዎቹ ተዘግተው አፍ ለአፍ ሲገጥሙ ውሃው ራሱ ያጣብቃቸዋል፤ ሲከፈቱ እንዳይዘምሙ የሚይዛቸው ግን ከላይ ከግንቡ ጋር የሚያያይዛቸው ብረት ነው። የዛገው እሱ ነው።

ስለ ሽሚያው፦ አጠገቡ ያለው የሰሊቫን ማመንጫ በፈረንጆቹ 1895 የተሠራ ሲሆን፣ በ13 ተርባይኖች 15 ሜጋዋት ገደማ ያመነጫል። በ12 ሜትር ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በሰከንድ 100 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በሰከንድ 150 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። አንድ ገንዳ 3 ሜትር ለመሙላት 2,300 ሜትር ኩብ ይበቃል፦ የማመንጫው የ15 ሰከንድ ቀለብ! ሽሚያ ልትለው አትችልም።

ማመንጫውን የሚጎዳው፣ ይገርምሃል፣ የውሃ ብዛት ነው። በክረምት ጎርፍ የታችኛው ወንዝ ከላይኛው ይልቅ ስለሚያብጥ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ይጠብባል፤ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ኃይሉ ይቀንሳል።

ጤናህን ይስጥልኝ፤ አንተ እንደኔ አትዘግይ።

ወዳጅህ