ጀርመን ቅኝ ግዛት ይዛ አታውቅም ላላችሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። ሰላም ናችሁ ወይ፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው፣ ጋዜጣችሁ እዚህ ዘግይቶ ስለሚደርሰን መልሴም ቢዘገይ እንዳትታዘቡኝ።

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ ጀርመን እንደ እንግሊዝና ፈረንሳይ አፍሪካን በቅኝ አልያዘችም ብለው ነበር። ሻይ ቤት ጮክ ብዬ ሳነበው ግማሹ ሰው እውነት ነው አለ፣ እኔም ድሮ እንደዛው ነበር የማስበው፣ ጀርመን ሲባል ሂትለር ነዋ ቶሎ ትዝ የሚለን። ኧረ ይዛለች! ቶጎ፣ ካሜሩን፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋናው ምድር) ከነሩዋንዳና ብሩንዲ፣ ጭራሽ ቻይና ድረስ ሄዳ ቺንግዳዎን ወስዳለች። በ1884 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ስለ አፍሪካ የተደራደሩት በርሊን ላይ ነው፣ ጋባዡም የጀርመኑ መራሄ መንግሥት ቢስማርክ።

ናሚቢያ የተጀመረው በጦር ሳይሆን በውል ነው። ሉደሪትስ የሚባል የብሬመን የትምባሆ ነጋዴ በ1883 ናማ ከሚባለው የአገሩ ሕዝብ አለቃ ከጆሴፍ ፍሬድሪክስ የባህር ዳርቻ መሬት ገዛ፣ ውሉ ወርዱ 20 ማይል ይላል። አለቃው የሚያውቀው የእንግሊዝን ማይል ነው፣ 32 ኪሎሜትር ገደማ፣ ነጋዴው ግን እኔ ያልኩት የጀርመኑን ነው ብሎ ወደ 150 ኪሎሜትር አደረገው። ጎጃሜ ይሄ አይጠፋውም መቼስ፣ በ60 ዓ.ም (ይሄኛው ብቻ በኛ ነው) አባቶቻችን አዲሱን የእርሻ ግብር እምቢ ብለው ሲነሱ አንዱ ስጋታቸው መሬታችን በቃላድ ሊለካ ነው የሚል ነበር። ከዛ በ1904 ሄሬሮ የሚባሉት ሌሎቹ የናሚቢያ ሰዎች አመፁ፣ ጄኔራል ፎን ትሮታም ጥቅምት 2 መሳሪያ ያዘም አልያዘም ሄሬሮ የተባለ ይተኮስበት ብሎ በጽሁፍ አወጀ፣ ከጥይት የተረፈውን ኦማሄኬ በረሃ ውስጥ ውሃ ጥም ጨረሰው።

እኔን ግን የሚያንገበግበኝ የታንጋኒካው ነው። የጀርመን ፋብሪካዎች ጥጥ የሚያመጡት በብዛት ከአሜሪካ ስለነበር የራሳችን ጥጥ ይኑረን አሉና ገበሬውን ማሽላውን አስጥለው በግዳጅ ጥጥ ያሳርሱት ጀመር፣ የሚከፈለው ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። የዛን ጊዜው ግሎባላይዜሽን በገበሬው ጫንቃ ነበር የሚሄደው። ኪንጂኪቲሌ የሚባል ሰው ተነስቶ ይሄን ውሃ የነካ የጀርመን ጥይት ውሃ ይሆንለታል አለ፣ ማጂ በስዋሂሊ ውሃ ማለት ነው፣ አመፁም ማጂ ማጂ የተባለው ከዚህ ነው፣ እኛ አገር ጠበል እንደምንለው በሉት። ሐምሌ 1905 ሰዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት ምን መሰላችሁ፣ ጥጡን መንቀል! መትረየሱ ግን ውሃ አልሆነም፣ ቀጥሎ ጀርመኖቹ እህሉንና ጎተራውን አቃጠሉት፣ ከጥይቱ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው ረሃቡ ነው። ጀርመን ራሷ 75 ሺህ ብላለች፣ እስከ 300 ሺህ የሚያደርሱትም አሉ።

ጸሐፊው ጀርመኖች ወዳጆቻችን ናቸው ያሉትም ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ፍሪድሪክ ሮዘን መርቶት የመጣው ልዑክ አዲስ አበባ ገብቶ ከምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። ቀኑን ግን እዩት፣ መጋቢት 7 ቀን 1905። የትሮታ አዋጅ በወጣ በአምስተኛው ወር፣ ማጂ ማጂ ሊፈነዳ አራት ወር ሲቀረው፣ ያው አንዱ የበርሊን መንግስት። እኛ ጋ ብዕር ይዞ የመጣው አድዋ ላይ የሆነውን ስላየ ነው፣ የኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ከነጦራቸው እዛው ነበሩ። እባካችሁ ማረሚያ አውጡልን፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ተከራክሬ ሂሳብ አስይዣለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ