ለጨጓራ ቀዶ ጥገና የሚደረገው ዝግጅት የሕክምናው አካል ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ዘመዶችና ወዳጆች ስለ አንድ ጉዳይ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ክብደት ለመቀነስ የሚደረገው የጨጓራ ቀዶ ጥገና የት አገር ይረክሳል? ስንት ቀን ያስተኛል? ስንት ኪሎስ ያስቀንሳል? ከቀዶ ጥገናው በፊት ምን መደረግ እንዳለበት የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም የለም። እኔ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ነዋሪ ስሆን ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ጥገና አድርጌ በመልካም ጤንነት ላይ እገኛለሁ። ለዚህ ያበቃኝ የሐኪሜ እጅ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ለወራት ያለፍኩበት ዝግጅት ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። አንባቢዎችዎም ይህን እንዲያውቁልኝ ስል ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በመጀመሪያ ሕክምናው ለማን እንደሚሰጥ ልግለጽ። ሐኪሞች የሚመሩት ቢኤምአይ በሚባለው፣ ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ስኩዌር ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው መመሪያ ቁጥሩ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሰው ለቀዶ ጥገናው ብቁ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካና ዓለም አቀፉ የዘርፉ የቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ይህን አሻሽለው፣ 35 የደረሰ ሁሉ ተጓዳኝ ሕመም ባይኖርበትም እንዲታይ፣ ከ30 በላይ የሆነና ስኳር ያለበትም እንዲታሰብለት መክረዋል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነ ሰው 35 የሚደርሰው 95 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ነው። ስለዚህ ለሠርግ ወይም ለበዓል ብሎ ዐሥር ኪሎ መቀነስ የፈለገ ሰው የዚህ ሕክምና ባለጉዳይ አይደለም። በስሊቭ ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የወጣው ደግሞ ተመልሶ አይገጠምም። ባይፓስ በሚባለው ከጨጓራ አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የምትይዝ፣ የቡና ሲኒ እንኳ የማታክል ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች።

ከዝግጅቱ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ምርመራ ነው፤ እኛ ኢትዮጵያውያን በተለይ ልናስብበት የሚገባ ነገርም እዚህ ላይ አለ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ነው፤ «ጨጓራዬን ያመኛል» የማይል ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ባክቴሪያ በሰገራ፣ በትንፋሽ ወይም በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን የካሜራ ቱቦ) ምርመራ ተለይቶ ከቀዶ ጥገናው በፊት ቢታከም ይመረጣል፤ ምክንያቱም ከባይፓስ በኋላ ከመስመሩ ውጭ የሚቀረው የጨጓራ ክፍል በተለመደው መንገድ ኢንዶስኮፒ ሊገባበት አይችልም። ቃር የሚያስቸግረው ሰውም ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ስለሚችል በዚህ የተነሳ ወደ ባይፓስ የሚዞሩ ታካሚዎች አሉ።

ሌላው በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ነው። ሌሊት በኃይል የሚያንኮራፋና ቀን የሚያንቀላፋ ሰው በእኛ ዘንድ ደክሞት ነው ተብሎ ይታለፋል። ይሁንና ይህ ችግር ሳይታወቅ ሙሉ ማደንዘዣ መውሰድ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ከታወቀ ግን ሲፓፕ የተባለውን የመተንፈሻ መሣሪያ ከቀዶ ጥገናው በፊት በመልመድ አደጋውን መቀነስ ይቻላል። የቫይታሚን ዲ፣ የቢ12፣ የብረትና የፎሌት መጠንም በደም ምርመራ ይታያል፤ የጎደለ ካለ አስቀድሞ ይሞላል፤ ምክንያቱም ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚበላውም ሆነ ወደ ደም የሚገባው ያንሳል። ጥቁር ቆዳ ይዘን ፀሐይ በሚያንስባቸው አገሮች የምንኖር ሰዎች ቫይታሚን ዲ አንሶን መገኘቱ የተለመደ ነው።

ብዙ ሰው የሚያማርርበት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አመጋገብ ነው። የጉበት ግራ ክፍል በጨጓራ የላይኛው ክፍል ላይ ተጋድሞ ስለሚገኝ ሐኪሙ በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ሲሠራ ጉበቱን በመሣሪያ ከፍ አድርጎ መያዝ ግድ ይለዋል። ከመጠን በላይ ክብደት ባለው ሰው ላይ ጉበቱ ብዙ ጊዜ ስብ የተሸከመ፣ ያበጠና በቀላሉ የሚደማ ነው። ስኳርና ስታርች እጅግ ቀንሶ፣ በፕሮቲን መጠጥ፣ በሾርባና በጥቂት አትክልት ሁለት ሳምንት የቆየ ሰው ጉበቱ በግልጽ ይቀንሳል። ያን ያላደረገ ሰው ግን ቀዶ ጥገናው ሆድ ተከፍቶ ወደሚሠራበት ሊቀየርበት፣ አልፎም ሊቋረጥበት ይችላል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቤት ውስጥ የሚቁላላው ሽንኩርት ሽታ ምን ያህል እንደሚፈትን እኔ አውቃለሁ፤ ሆኖም «አንድ ጊዜ ብቀምስ ምን አለበት» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው የጉበት ጉዳይ ነው። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ይህን አመጋገብ በራሱ መጀመር የለበትም፤ መጠኑ በሐኪም ካልተቀነሰለት ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ስለ መድኃኒቶች በአጭሩ እጨምራለሁ። ሲጋራ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት መቆም አለበት፤ የቁስል መዳንን ያዘገያል፣ የደም መርጋትንና የጨጓራ ቁስለትን ያባብሳል። ጫት የሚቅም ሰውም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግበት ለማደንዘዣ ሐኪሙ ሳያፍር መንገር ይኖርበታል። ክብደት ለመቀነስ እንደ ሴማግሉታይድ ያለ መርፌ እየወሰዱ ያሉም እንዲሁ፤ መድኃኒቱ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ስለሚያደርግ ማደንዘዣ ሲሰጥ ወደ ሳንባ የመግባት ስጋት አለ። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ የማይጠፉት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ከባይፓስ በኋላ ቁስለት ስለሚያመጡ በምን እንደሚተኩ ከወዲሁ መጠየቅ ይገባል። ሴቶች ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲያቆዩ ይመከራሉ። ክብደት ሲቀንስ የመውለድ ዕድል ይጨምራል፤ በአንጻሩ የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ከባይፓስ በኋላ በሚገባ ላይሠራ ይችላል። ይህ ከትዳር ጓደኛ ጋር ቀድሞ ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የአበላል ልምዴን መለወጥ ነበር። የሥነ ምግብ ባለሙያዬ በቀን ስንት እንጀራ እንደምበላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ከአንድ ትሪ አብሮ የሚበላ ሰው የራሱን ድርሻ በምን ይለካል? የእኔ እጅ የቱ ጋ እንዳበቃ፣ የጎረቤቴ እጅ የቱ ጋ እንደጀመረ ማን ይቆጥራል? ከዚያ ወዲህ ከቀዶ ጥገናው ወራት አስቀድሜ በራሴ ትንሽ ሳህን መብላት ጀመርኩ። ለቀጣዩ ቀጠሮ እንጀራና የሽሮ ዱቄት ይዤላት ሄድኩ፤ እንጀራውን ቆርሳ በሚዛን መዘነችው፣ ሽሮው ከምን እንደሚሠራ እየጠየቀች ጻፈች፣ ስንት ማንኪያ ዘይት እንደሚገባበት ስነግራትም ቀና ብላ አየችኝ። ዘይቱን በግማሽ እንድቀንስ የተስማማነው ያን ዕለት ነው።

ባለሙያዋ እንድለማመዳቸው ያዘዘችኝ ነገሮች ቀላል ይመስላሉ። ጉርሻውን ማሳነስ፣ አልሞ ማኘክ፣ ከምግብ ጋር ውሃ አለመጠጣትና ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት፣ አምቦ ውሃንም ሆነ ለስላሳን መተው፣ ውሃን ቀኑን ሙሉ ፉት እያሉ መጠጣት። እነዚህን ቁስል ይዞ ለመጀመር ከመሞከር በጤና ሳሉ መልመድ እጅግ የተሻለ ነው። አብሮኝ ማዕድ የሚቀርበው ሰው ግን በራሴ ሳህን መብላቴን እንደ ኩራት የቆጠረበት ጊዜ ነበር። ጉርሻ መመለስም በባህላችን እንደ ነውር ስለሚታይ ለቤተሰብ አስቀድሞ ማስረዳት የዝግጅቱ ክፍል ነው። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ጨጓራው ገና ለተሰፋ ሰው ግን የማስታወክና የሕመም ምክንያት ይሆናል።

ጾም ለብቻው መታየት አለበት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ይህን መጠን በምስር ብቻ ለመሙላት ከሦስት ኩባያ በላይ መብላት ሊያስፈልግ ነው፤ ያን ደግሞ አዲሱ ጨጓራ አይችለውም። ስለዚህ የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ከዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጋር እንዳይገጥም ማየት፣ ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መመካከር፣ ለሚጾም ሰውም ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የሚሠራ የፕሮቲን ዱቄት ማዘጋጀት ተገቢ ነው። ሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል ገና በማገገም ላይ ላለ ሰው ለድርቀት ስለሚያጋልጥ ከሐኪማቸውና ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ሊነጋገሩ ይገባል።

የሥነ ልቦና ቃለ መጠይቁን ብዙ ሰው እንደ ስድብ ያየዋል፤ «እብድ ነኝ ወይ?» የሚል ቅሬታ ሰምቻለሁ። የሚጠየቀው ግን ሐዘንና ጭንቀት ሲመጣ ወደ ምግብ እንሄድ እንደሆነ፣ አልኮል እንዴት እንደምንጠጣ፣ ቤት ውስጥ የሚደግፈን ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። አልኮል ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባና በዓመታት ውስጥ ለሱስ የሚጋለጡ ሰዎች ስላሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚያቸው ልጃቸው ስለነበረች ሌሊት ተነሥተው ተደብቀው እንደሚበሉ ሳይናገሩ መውጣታቸውን አጫውተውኛል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ወገኖቼ ይህን መብት ይጠቀሙበት፣ ልጆቻቸውንም ከዚህ ሸክም ያሳርፉ።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም መጠበቅ ጠቃሚ አይደለም። እዚህ አገር አንዳንድ ኢንሹራንሶች ታካሚው ለወራት በሐኪም ክትትል ክብደት ለመቀነስ ሲሞክር መቆየቱን ካላሳየ ወጪውን አይሸፍኑም። የዘርፉ የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ ይህን በግዴታ የሚጣል ቅድመ ሁኔታ ማስረጃ የሌለው ነው ብሎ ተቃውሞታል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። የወረቀት መዘግየት አንድ ነገር ነው፤ ምርመራ፣ ልምምድና ምክር ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን የሚጠላ ሰው ሁለተኛውን አብሮ እንዳይጥል እሰጋለሁ።

ስጋቴ ከፍ የሚለው በማኅበራዊ መገናኛ የሚታዩትን «በጥቂት ቀናት ተሠርተው ይመለሱ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ሳይ ነው። ውጭ አገር ሄዶ መታከም በራሱ ስሕተት ነው አልልም፤ በውጭም በጣም ጥሩ ሐኪሞች አሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ማክሰኞ ደርሶ ረቡዕ ደም ሰጥቶ ሐሙስ ጨጓራው ሲቆረጥ፣ ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ የት ይገባል? የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ በሜክሲኮ ቲኋና ከተማ ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ጥገና ያደረጉ መንገደኞች መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ መያዛቸውን ገልጾ ማስጠንቀቁ ይታወሳል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ቶሎ በአውሮፕላን ለሰዓታት መቀመጥም የደም መርጋትን አደጋ ይጨምራል። የስፌት ማፍሰስ፣ ማለትም ከተሰፋው ጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሆድ ውስጥ መውጣቱ፣ ደግሞ ታካሚው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላም ሊከሰት የሚችል ነው።

ስለዚህ ጋዜጣዎ የአገር ውስጥ የቀዶ ሐኪሞችን፣ የማደንዘዣ ሐኪሞችንና የሥነ ምግብ ባለሙያዎችን አነጋግሮ ስለ ዝግጅቱ ተከታታይ ጽሑፍ እንዲያወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወደ ውጭ ለመሄድ የወሰነ ሰው የኤች ፓይሎሪ፣ የደምና የእንቅልፍ ምርመራውን እዚያው አዲስ አበባ ሳለ ማድረግ ይችላል፤ ሲመለስ የሚከታተለውን ሐኪም ከመሄዱ በፊት ስሙንና ስልኩን ይዞ መጨረስም ይችላል። ከሁሉም በላይ የቀዶ ጥገናውን ሙሉ ሪፖርት፣ ምን ዓይነት ቀዶ ጥገና እንደተሠራና ምን መድኃኒት እንደታዘዘ የሚገልጸውን ወረቀት፣ ካልተሰጠው ከሆስፒታሉ አይውጣ፤ ሌሊት ሆዱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል ቢደርስ ተረኛው ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነውና።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንባቢዎ
ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ