ካርቡራቶር ከመፈታቱ በፊት ሳልባትዮው ይታይ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት በአንድ መንገድ ዳር ብየዳ ቤት ደጃፍ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ወጣት በያጅ ከአሮጌ ቮልስ የወረደ የቤንዚን ሳልባትዮ መሬት ላይ አጋድሞ፣ ውስጡን አንድ ጊዜ ብቻ በውሃ አለቅልቆ፣ ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ ለመድፈን የጋዝ ብየዳውን ሊለኩስ ሲል ደረስኩ። እንዲተወው ብለምነው «አባቴ፣ ባዶ እኮ ነው፤ ምኑ ይፈነዳል?» አለኝ።

አደጋው ያለው ግን በባዶው ላይ ነው። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነቱ ነው፤ ትነቱ ከአየሩ በግምት ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ብልጭታ ይበቃዋል። ሙሉ ሳልባትዮ ውስጥ ትነቱ ከዚህ መጠን ስለሚያልፍ በቀላሉ አይያያዝም፤ ተቀድቶ ያለቀውና አየር የገባበት ግን ልክ በሚፈነዳበት መጠን ላይ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ ዝገቱና ከብረቱ ጋር የተጣበቀው ሙጫ መሰል ቆሻሻ ቤንዚን ይዞ ይቆያል፤ ብረቱ በእሳት ሲሞቅ ያንን መልሶ ይተፋዋል። አንድ ጊዜ በውሃ መለቅለቅ ይህን አያወጣውም።

ሳልባትዮው እዚያ ድረስ የሚደርሰው ደግሞ ቀድሞ መታየት ሲገባው በመጨረሻ ስለሚታይ ይመስለኛል፤ ይህን የምለው ከራሴ ተምሬ ነው። ከአባቴ የወረስኳት እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በወጣሁ ቁጥር መሐል ዳገት ላይ ትጠፋ ጀመር፤ አሥር ደቂቃ ያህል ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። የወሰድኳት ጋራዥ መጀመሪያ ካንዴላ ቀየረ፤ ቀጥሎ ፓምፑን አደሰ፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ሦስት ጊዜ ፈትቶ አጠበ። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ሁለት ቀን ትሠራለች፤ በሦስተኛው ቀን እዚያው ዳገት ላይ እንቆማለን። ለሦስቱም እጥበት ከፍያለሁ።

በመጨረሻ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ግን «ስትጠብቃት ራሷ ትነሳለች?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። «አዎ» ስላቸው፣ የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ ሳልባትዮው ከፊት ስለሆነ የፊቱን ኮፈን ከፍተው፣ ከሳልባትዮው ሥር ያለውን ቱቦ ነቅለው፣ ጥቂት ቤንዚን በብርጭቆ ቀዱ። እስከ ማግስቱ ሲቀመጥ ከላይ ቤንዚን፣ ከሥሩ ውሃ፣ ከውሃው ሥር ደግሞ እንደ ቡና አተላ ያለ ዝገት ሆኖ ተለየ። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ሲስብ ያ ዝገት ወደ መውጫው ይጎተትና ይደፍነዋል፤ መኪናዋ ስትቆም ወደ ሥር ይመለሳል፤ መንገዱም ይከፈታል።

ውሃው ከየት መጣ የሚል አንባቢ ይኖራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ቀኗ ሞቃት፣ ሌሊቷ ብርዳም የሆነች ከተማ ናት። በግማሽ ጎድሎ በሚያድር ሳልባትዮ ውስጥ ያለው እርጥበት ሌሊት በብረቱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድም ሥሩ ላይ ተቀምጦ ብረቱን ይበላል። በተጨማሪም በከተማችን ቤንዚን ላይ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ይቀላቀል እንደነበር ይታወሳል። ኢታኖል ውሃ ይስባል፤ ለዘመናት የተጣበቀ ቆሻሻንም ያላቅቃል። የቤንዚን እጥረት በመጣ ቁጥር ከየጀሪካኑና ከየፕላስቲክ ጠርሙሱ የምንገለብጠውንም መርሳት የለብንም።

ብረቱ ካልሳሳ ሳልባትዮን ማጠብ ከመቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። የቮልስ ሳልባትዮ ወደ 40 ሊትር የሚይዝና በአራት ቡሎን የታሰረ በመሆኑ ማውረዱ አስቸጋሪ አይደለም። ሥራው ሜዳ ላይ፣ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ መሠራት አለበት፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጋራዥ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ውስጡን ለማየትም በባትሪ መብራት እንጂ በላይተር አይደለም፤ ይህን መጻፍ ያስፈለገኝ ሲደረግ ስላየሁ ነው። በመጀመሪያ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፣ ቀጥሎ አንድ ሁለት እፍኝ ንጹሕ ጠጠር ወይም የብረት ዳዶ ጨምሮ ዝገቱ እስኪረግፍ ማንገላታት ይገባል። የቀረው ስስ ዝገት አቼቶ ተሞልቶበት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቆይ ይለቃል፤ በዚህ ጊዜ ጋዝ ስለሚፈጠር አፉን አጥብቆ መክደን አይገባም። ከዚያ አሲዱን ለማብረድ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ፣ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የተራቆተ ብረት በሰዓታት ውስጥ መልሶ ስለሚዝግ ወዲያውኑ በጎሚስታ ቤት የኮምፕሬሰር አየር አድርቆ፣ ጥቂት ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ውስጡን ማዳረስ ያስፈልጋል። የባትሪ አሲድ የሚጠቀሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አሲዱ ግን ዝገቱን ጨርሶ ደህናውንም ብረት ይበላል። ውስጡን የሚቀባ ልባስም አለ፤ እኔ አልወደውም፤ ግድግዳው ፍጹም ካልጸዳና ካልደረቀ ልባሱ እየተላጠ ያንኑ መውጫ ይደፍናል።

በወፍራም መርፌ ሲነካ የሚበሳ ከሆነ፣ ወይም መጋጠሚያው ዙሪያውን የሚያልብ ከሆነ ግን መቀየር ነው። ሶማሌ ተራ ከሌላ ቮልስ የወረደ ደህና ሳልባትዮ የሚገኝበት ቀን አለ፤ ከመግዛት በፊት ግን የቤንዚኑን መጠን የሚለካው ተንሳፋፊ የሚገባበትን ክዳን አስከፍቶ ውስጡን ማየት ነው፣ አለዚያ የራስን ዝገት በሰው ዝገት መለወጥ ይሆናል። አዲስም በውጭ አገር እስከ ዛሬ ይመረታል። ሳልባትዮው ከታጠበ ወይም ከተቀየረ በኋላ የጎማ ቱቦዎቹና ፊልትሮው አብረው ሊለወጡ ይገባል፤ ፕላስቲክ ፊልትሮውንም ሞተሩ አጠገብ ሳይሆን ከፊት በሳልባትዮው በኩል ማሰር ይሻላል። ከኋላ ሞተሩ ላይ የተንጠለጠለ ፊልትሮ ቱቦውን እየጎተተ ያስነቅላል፤ የቮልስ የሞተር ቤት ደግሞ ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ አንዴ ከተቀጣጠለ በውሃ አይጠፋም።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌዎቹን ይዘን የምንቆይባቸው ዓመታት መርዘማቸው አይቀርም። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ጋራዦች መኪና እየጠፋ የሚነሳ ሲሆን የብርጭቆውን ፍተሻ ካርቡራቶር ከመፍታታቸው በፊት ያድርጉ፤ አሥር ብር አያስወጣም። በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራም ፍሬንና መብራት እንደሚታየው የነዳጅ ቱቦና ሳልባትዮ ይታይ፤ ቮልሴን ባስመረመርኩባቸው ዓመታት ኮፈኑን ከፍቶ ያን ያየ ሰው አላጋጠመኝም።

ወጣቱ በያጅ በዚያን ዕለት ሥራውን ትቶልኛል። ትናንት በዚያ ሳልፍ ሳልባትዮው እንደተጋደመ አየሁት፤ ባለቤቱ ሌላ በያጅ እየፈለገ እንደሆነ ነገረኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የቮልስ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ