ኪታቦቹን ለክረምት አይቆልፉባቸው

አሰላሙ አለይኩም አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? እማዬንም ሰላም ይበሉልኝ። በስልክ «ኪታቦቹን በፌስታል ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ልቆልፍባቸው፣ ለአይጡም መርዝ ላስገዛ» ብለውኝ ነበር። ሁለቱም ይቅሩ፤ ምክንያቱን ልጻፍልዎ።

ወረቀት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። የደሴን የሐምሌ ጭጋግ እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም። በፌስታል ሲታፈን ያ እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ሌሊት ሲበርድ ላብ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል። የግድ ይጠቅለል ካሉ አቡጀዲ ይሻላል። አዲስ ከሆነ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ስታርቹ ተባይ ይጠራልና።

መደርደሪያው ከምርጉ ግድግዳ አራት ጣት ያህል ይራቅ፤ የታችኛው ጣውላ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ምርግ ከመሬት ውኃ ይስባል። ቆርቆሮውም በሌሊት ያልበዋል፤ የማዳበሪያው ኮርኒስ የተቀደደበት ካለ ከሥሩ መጽሐፍ አይቀመጥ። ሲደረድሩ አያጣብቁ፤ ሲያወጡም የጀርባውን ጫፍ ከላይ አይሳቡ፣ ግራ ቀኙን ገፋ አድርገው ወገቡን ይያዙት። ትላልቆቹ ይተኙ፣ ግን ከሦስት በላይ አይደራረቡ።

ዋናው መድኃኒት መከፈታቸው ነው። እያንዳንዱ በሳምንት አንዴ ቢገለጥ ይበቃዋል፤ ለእርስዎ ደግሞ ይህ ሥራ ሳይሆን ደስታ ነው። ዝናቡ ሲያባራ በረንዳው ጥላ ላይ ነፋስ ይንካቸው እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጡ፤ ፀሐይ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ሙጫውን ይሰነጥቃል፤ ብራና ከሆነማ ያኮማትረዋል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ700 ዓመት በላይ የሆነው የብራና ወንጌል አለ። የድሮዎቹ ብራናውን በእንጨት ገበታ አስረው፣ በቆዳ ማኅደር ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት በከንቱ አልነበረም፤ ከመሬት ይርቃል፣ ቆዳውም እንደ ፌስታል አያፍንም።

የሻገተ ካገኙ እርጥብ ሳለ አይጥረጉት፤ ይቀባባል። መጀመሪያ በየ10 ቅጠሉ ነጭ ወረቀት እየገባ ይድረቅ (ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ይለቃል)፤ ከዚያ ደጅ ወጥቶ፣ አፍና አፍንጫ በሻሽ ተሸፍኖ፣ በለስላሳ ብሩሽ ከጀርባው ወደ ውጭ ይጠረግ። እርስዎ ግን አይጥረጉ፣ ሳልዎን ያስነሳብዎታል፤ ጎረምሶቹ ያድርጉት።

አይጡን ለድመቷ ይተዉላት። መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ እየተንገዳገደ ሲሄድ ድመቷ ትይዘዋለች። አብዛኛው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ እሷም ውስጥ ውስጡን እየደማች ልትሞት ትችላለች። ለብል ብለው የሚገዙት ነጩ ናፍታሊንም ለድመት መርዝ ነው፤ መደርደሪያው ላይ አይደረግ። «የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም» የሚሉትን አይስሟቸው፤ ድመት ጠግባም ታድናለች። እንጀራ ብቻዋን አትበቃትም። ሥጋ ያጣች ድመት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል፤ ያልተቀመመ ቅቅል ሥጋ በቀን ሁለቴ በትንሽ በትንሹ ይሰጣት። የወጥ ትራፊ ግን ይቅር፣ ቀይም ነጭም ሽንኩርት ደሟን ያበላሻል። ወተቱ ብዙዎቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣል፤ ውኃ ይቅረብላት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷም በየዓመቱ አይረሳ።

ብርዱ ሲጠና ቡናው ቤት ውስጥ መፈላቱ አይቀርም። ዱአው እስከ በረካ ይቀጥል፣ መስኮቱ ግን ገርበብ ይበል። ሲተኙ ከሰሉ ቤት ውስጥ አይደር፤ ጭሱ ጠፋ ማለት የሚገድለው ጋዝ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ሽታም የለውም። ምጣዱ ከመጻሕፍቱ ይራቅ፤ ጥላሸት አንዴ ወረቀት ላይ ካረፈ አይለቅም።

ለማንበብ በበሩ አጠገብ፣ ብርሃኑን በግራዎ አድርገው ይቀመጡ። ድመቷ ገጹ ላይ ከተኛች በአንገቷ አይሳቧት፤ ጥፍሯን ወረቀቱ ላይ ትሰካለች። መዳፍዎን ከሆዷ ሥር አስገብተው ያንሷት፤ ከጭንዎ አትወርድም።

የመደርደሪያውን ስፋት በክንድ ለክተው በስልክ ይንገሩኝ። የጣውላው ውፍረት ሁለት ጣት ይሁን፤ ኪታቦቹ ከባድ ናቸው፣ ቀጭኑ መሀሉ ላይ ይጎብጣል።

ልጅዎ