ለደንበኞቻችን፦ የሚያፈሰው አንድ ቦታ ሆኖ ሳለ መስመሩ በሙሉ ይቀየር የምንለው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ያፈሰሰ ቧንቧ እንድናይ ተጠርተን «መስመሩ በሙሉ ቢቀየር ይሻላል» ስንል፣ «የሚያንጠባጥበው እኮ አንድ ቦታ ብቻ ነው!» የሚል መልስ ደጋግሞ ይገጥመናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ጥገና ወይም ግድግዳ የሚያስፈነቅል ሥራ ነውና። ምክንያታችንን አውቀው እንዲወስኑ፣ ሥራውን ለማንም ቢሰጡ ደግሞ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ እንዲረዱ ይህን ደብዳቤ ልከንልዎታል።

በአሮጌ ቤት ግድግዳ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጋልቫናይዝድ የብረት ቧንቧ ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ስስ የዚንክ ሽፋን ነው። ዚንኩ ራሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ስለሚያተርፍ ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ እንደ ውኃው ጠባይ 40 ወይም 50 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ በፊት የሚያልቅበትም ቤት አለ። ቀድሞ የሚሸነፈው ጥርሱ፣ ማለትም ለመጋጠሚያ ጫፉ ላይ የሚወጣው ክር ነው። የግማሽ ኢንች ቧንቧ ብረቱ 2.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ጥርስ ሲወጣለት 1.2 ሚሊ ሜትር ያህሉ ይቆረጣል፣ ዚንኩም አብሮ ይላጫል። የሚቀረው ከግማሽ ብዙም የማይበልጥ፣ ያውም ሽፋን የሌለው ብረት ነው። የቤቱ ጥርሶች ሁሉ በአንድ ወቅት የወጡ፣ አንድ ዓይነት ውኃ ሲያልፍባቸው የኖሩ ስለሆኑ፣ አንዱ ሲበሳ የቀሩትም ሩቅ አይደሉም።

ጥገናው ራሱ የሚያመጣው ጣጣም አለ። የተበላሸውን ቁራጭ ለማውጣት ቧንቧው በፓይፕ ሬንች ይጠመዘዛል። ጥምዘዛው ሬንቹ የያዘው ቦታ ላይ አይቆምም፤ በግድግዳው ውስጥ ዘልቆ ቀጣዩን ኤልቦ (መታጠፊያ መጋጠሚያ) ይነቀንቀዋል። እስከዚያን ቀን ዝገት ደፍኖት የኖረው መጋጠሚያ ያን ጊዜ ይላቀቃል። ከሳምንታት በኋላ እርጥበቱ በሌላ ክፍል ልስን ላይ ሲወጣ፣ ከመጀመሪያው ጥገና ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም። ጎማ ያለው የብረት ማሰሪያ በቀዳዳው ላይ ማጥበቅ ይህን አያመጣም፤ ሌሊት ለፈነዳ ቧንቧ ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ነገር ግን ጊዜ መግዣ ብቻ ነው።

በእርግጥ መስመሩ አርጅቷል ወይስ ችግሩ ሌላ ነው? ይህን እኛን ሳይጠሩ መለየት ይችላሉ። ከቆጣሪው አጠገብ ባለው ቧንቧ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይሙሉና ሰከንዱን ይያዙ። ቀጥሎ በጣም ሩቅ ባለው ቧንቧ ይድገሙት፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ግን አስቀድመው ይፍቱ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ ናትና። ቆጣሪው አጠገብ በ40 ሰከንድ የሞላው ባልዲ ጓዳ ውስጥ 2 ደቂቃ ከወሰደ መሀል ያለው ቧንቧ ጠቧል። ሁለቱም ቦታ እኩል ደካማ ከሆነ ችግሩ ከቤትዎ ውጭ ነው፤ ቧንቧ መቀየር ምንም አይጠቅምዎትም። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ በቧንቧው ውስጥ እየጎበጠ ያድጋል። አንድ ሰው ገላውን ሲታጠብ ሌላው የጓዳውን ቧንቧ ሲከፍት ሻወሩ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ሙቅ ውኃው ከቀዝቃዛው የደከመ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሙቀት ዝገትን ያፋጥናል። በአንዳንድ ውኃ ውስጥ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ዚንኩ ብረቱን መጠበቁን ያቆማል፣ እንዲያውም ብረቱ ለዚንኩ ሲል ይበላል። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ቡናማ ሆኖ ትንሽ ቆይቶ የሚጠራ ከሆነም ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ የተኛው ውኃ ዝገት ይዞ መውጣቱ ነው።

የተደበቀ ፍሳሽ ለማወቅ ሁሉንም ቧንቧ ይዝጉ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ፣ አንድ ሰዓት ውኃ ሳይነኩ ይቆዩ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የሽንት ቤቱን ሳጥን መጀመሪያ ይመልከቱ፤ ከግድግዳው ይልቅ እሱ የማፍሰሱ ዕድል ሰፊ ነው።

ማግኔት የማይይዘው፣ ግራጫና ለስላሳ፣ በሳንቲም ሲፋቅ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ካገኙ እርሳስ ነው፤ እዚህ ላይ «ትንሽ እንጠግነው» የሚባል ነገር የለም። ከፊሉን ቆርጦ መተካት የቀረውን ስለሚያውከው በውኃው ውስጥ ያለው እርሳስ ለጊዜው ሊጨምር ይችላል። እስኪቀየር ድረስ ለመጠጥና ለሕፃን ወተት ሙቁንም ሆነ ቀዝቃዛውን የዚህን መስመር ውኃ አይጠቀሙ። ማፍላት እርሳስን አያስወግድም።

ከፊል ቅያሪ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ሙቁ መስመር አልቆ ቀዝቃዛው በባልዲው ፈተና ደህና ከሆነ፣ ሙቁን ብቻ መቀየር በቂ ነው። አንዱ መታጠቢያ ቤት ለእድሳት ከተፈነቀለም የእሱን መስመር እስከ ዋናው መነሻ ድረስ ያስቀይሩ፣ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ዕድሉ አይገኝምና። አሮጌው ብረት ከመዳብ ጋር የሚጋጠም ከሆነ በመካከላቸው የነሐስ ወይም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዩኒየን (ማገናኛ) ይግባ፤ በቀጥታ ሲነካኩ ብረቱ ቶሎ ይበላል። ውኃው ከመዳቡ ወደ ብረቱ የሚሄድ ከሆነ ግን ዩኒየኑም ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

አሁን ወደ አዲሱ መስመር። አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው በፒፒአር፣ ማለትም በሙቀት በሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ አይዝግም፣ መጋጠሚያውም ቀልጦ አንድ አካል ይሆናል። ነገር ግን በመጠን ምርጫ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ብዙ አዲስ መስመር ያበላሻል። ፒፒአር የሚለካው በውጭ ስፋቱ ነው። ፒኤን 20 የሚል (የግፊት አቅሙን የሚያሳይ ቁጥር) የተጻፈበት ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 3.4 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ስላለው ውስጡ 13.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የግማሽ ኢንች ብረት አዲስ ሳለ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ግማሽ ኢንች ነበር፣ በ20 ይተካ» የሚል ሠራተኛ የውኃውን መተላለፊያ በአንድ ሦስተኛ ያህል አጥብቦታል። የግማሽ ኢንች ትክክለኛ ምትክ ባለ 25 ነው፣ ውስጡ 16.6 ሚሊ ሜትር። የሦስት አራተኛ ኢንች ምትክ ደግሞ ባለ 32 ነው፣ ውስጡ 21.2።

እኛ ከቆጣሪው እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ 32፣ ወደየክፍሉ 25፣ ለአንድ ዕቃ ብቻ ለሚሄደው የመጨረሻ ቁራጭ 20 እንጠቀማለን። ከጣሪያ ታንከር በራሱ ክብደት ለሚወርድ ውኃ ከዚህም እናሰፋለን፤ 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ስለሆነ ታንከሩ ከሻወሩ በላይ 3 ሜትር ቢሆን ያለን ጠቅላላ ግፊት 0.3 ባር ነው፣ በጠባብ ቧንቧ የሚባክን ትርፍ የለውም። ሙቁ መስመር ላይ ግን ማስፋት ዋጋ ያስከፍላል። ባለ 25 በሜትር 0.22 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ቦይለሩ ከጓዳው 12 ሜትር ቢርቅ ሙቁ እስኪደርስ ከ2.5 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይደፋል። በባለ 20 ወደ 1.6 ሊትር ይወርዳል። ለአንድ ሲንክ ብቻ ለሚሄድ ሙቅ መስመር 20 የምንመርጠው ለዚህ ነው።

ፒኤን 10 እና 16 ለቀዝቃዛ ውኃ ይበቃሉ ቢባልም ለሁለቱም መስመር ፒኤን 20 እንዲገዛ እንመክራለን። በቧንቧው ላይ የተጻፈው ቁጥር በ20 ዲግሪ ውኃ የሚሸከመው ግፊት ነው፤ ውኃው ሲሞቅ አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። ቀጭኑ በስህተት ወደ ሙቁ መስመር ቢገባ ከተለሰነ በኋላ የሚያውቀው የለም።

አሮጌውን ቧንቧ ከግድግዳ ነቅሎ ማውጣት አያስፈልግም። ከመስመሩ ተለይቶ፣ ውኃው ተንጠፍጥፎ እዚያው ይቀራል፤ አዲሱ ከኮርኒስ በላይ ወይም በአጭር መንገድ ይሄዳል። ሲለይ ግን ከቅርንጫፉ ሥር ይቆረጥ። ጫፉ ብቻ ተደፍኖ ከአዲሱ ጋር እንደተያያዘ የሚቀር ረጅም ቁራጭ ውኃ ያቁራል፣ ሽታም ያመጣል። በአምድና በቢም ላይ አንፍልጥም፤ ሸክም በያዘ ግድግዳ ላይም ረጅም አግድም ፍልጥ አንሠራም፣ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ቢኖርብንም።

ብየዳው ሲሠራ ቆመው መመልከት ይችላሉ፣ እንዲመለከቱም እንፈልጋለን። የማቅለጫው ሙቀት 260 ዲግሪ ነው። ባለ 20 ለ5 ሰከንድ፣ ባለ 25 ለ7፣ ባለ 32 ለ8 ሰከንድ ይሞቃል። ሲወጣ በ20 እና በ25 በ4፣ በ32 በ6 ሰከንድ ውስጥ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል። ከዚያ ለ2 ደቂቃ፣ ባለ 32 ከሆነ ለ4 ደቂቃ፣ ምንም ጫና አይደረግበትም። ጥሩ መጋጠሚያ ዙሪያውን እኩል የሆነ ድርብ ቀለበት ያሳያል። ብዙ ከሞቀ ወይም በኃይል ከተገፋ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ ቀዳዳውን ያጠባል፤ ከውጭ ግን ያማረ ይመስላል። ትንሽ ከሞቀ ደግሞ የግፊት ፈተናውን ሊያልፍና ከወራት በኋላ ሊላቀቅ ይችላል። ሦስተኛው ጠላት እርጥበት ነው። ከአሮጌ ቫልቭ የምትወርድ አንዲት ጠብታ ማቅለጫው ላይ ተንና መጋጠሚያው ውስጥ ቀዳዳ ትተዋለች። «ውኃው ትንሽ ያንጠባጥባል ግን እንበይደው» የሚል ሠራተኛ ካዩ ያስቁሙት።

ሻወርና ቧንቧ በሚገጠምበት ቦታ ነሐስ የገባበት ኤልቦ እንጠቀማለን፤ የሙቁና የቀዝቃዛው መሀል ለመሀል ርቀት 150 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሙቁ በግራ። የኤልቦው አፍ ከተጠናቀቀው ሴራሚክ ጋር እኩል መሆን ስላለበት የሴራሚኩን ውፍረት አስቀድመው ይንገሩን። ቴፍሎን በዝቶ ተጠምጥሞ በኃይል ከጠበቀ ነሐሱን ያቀፈው ፕላስቲክ ይሰነጠቃል።

ከግድግዳ ውጭ ለሚሄድ ሙቅ መስመር መላወሻ እንተዋለን። ተራ ፒፒአር 10 ሜትር ሆኖ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። በማሰሪያ ጥርቅም ከተደረገ ይጣመማል፤ ውስጡ አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ያለው ዓይነት ይህን በብዙ ይቀንሰዋል። ፀሐይ ለሚመታው መስመር ሽፋን ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ፒፒአርን አድርቆ ያሰነጥቀዋል።

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የግፊት ፈተና እንዲደረግ አጥብቀው ይጠይቁ። ቦይለሩ፣ ፍሌክሲብሉና ቧንቧዎቹ ሳይገጠሙ፣ አፎቹ በመድፈኛ ተዘግተው፣ መስመሩ አየሩ ወጥቶ በውኃ ይሞላል። የመጨረሻው ብየዳ ካለቀ ቢያንስ 1 ሰዓት ማለፍ አለበት። ግፊቱ መስመሩ ከተነደፈበት 1.5 እጥፍ ነው፤ ለ10 ባር የተነደፈ በ15 ባር ይፈተናል። ፕላስቲኩ ስለሚለጠጥ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) መጀመሪያ ላይ ቢወርድ አይደንግጡ፤ በ10 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ግፊቱ በውኃ እንደገና ይሞላል። ከዚያ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ0.6 ባር በላይ መውረድ የለበትም። በተከታዩ 2 ሰዓት ከ0.2 ባር በላይ ከወረደ አንድ መጋጠሚያ ያፈሳል ማለት ነው። በአየር መፈተን አደገኛ ስለሆነ አናደርገውም።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። በብዙ አሮጌ ቤት የኧርዝ ሽቦው (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው) የታሰረው በብረት የውኃ ቧንቧው ላይ ነው። ቧንቧው በፕላስቲክ ሲተካ ኧርዙ ይጠፋል፤ መብራቱም ቦይለሩም እንደወትሮው ስለሚሠሩ ማንም አያውቀውም፣ ሽቦ ተልጦ የቦይለሩን አካል እስኪነካ ድረስ። ስለዚህ ኤሌክትሪሻን የኧርዝ መስመሩን አይቶ ራሱን የቻለ ዘንግ መሬት ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጥ ብረቱን አንቆርጥም። ይህ ሥራውን አንድ ቀን ቢያዘገየውም አንደራደርበትም።

መስመሩ ከተዘጋ በኋላ በክሎሪን ይታጠባል። 60 ሜትር ባለ 25 ቧንቧ የሚይዘው 13 ሊትር ብቻ ነው፤ በ20 ሊትር ውኃ ላይ 20 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ሲጨመር በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናል። 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ይፈስሳል። በእነዚያ ሰዓታት ውኃው እንዳይጠጣ ቧንቧዎቹ ላይ ምልክት እናደርጋለን።

ከመምጣታችን በፊት ሦስት ነገር እንለምንዎታለን። ለሁለት ቀን የሚበቃ ውኃ ይያዙ። አሮጌውን ጌት ቫልቭ (የውኃ መዝጊያ) «ይሠራል ወይ» ብለው በኃይል አያዙሩት፤ ዘንጉ ተሰብሮ ውኃው ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል፣ እኛ ስንመጣ ከቆጣሪው በፊት ባለው እንዘጋለን። ከሲንኩ ሥርና ከቦይለሩ ዙሪያ ዕቃ ያንሱልን።

ልስኑ ከመመለሱ በፊት በተፈለጠው ግድግዳ ላይ ሜትር ዘርግተን ከወለልና ከጥግ ያለው ርቀት የሚነበብበት ፎቶ በየክፍሉ አንስተን እንልክልዎታለን። ወደፊት መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳውን በድሪል የሚበሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እነዚህን ፎቶዎች ይመልከት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቧንቧ ሥራና ጥገና ድርጅታችሁ