ከጭጋጉ ውስጥ በፊሽካ ለመለሳችሁልን ሁሉ

ውድ ተሸካሚዎቼ፣

ከዚህ የተሻለ መጠሪያ አጥቼላችሁ ነው። አብዛኞቻችሁን በስም አላውቃችሁም። ፊታችሁንም በቅጡ አላየሁትም። ግንባራችሁ ላይ ያሰራችሁት መብራት ዓይኔን እየወጋኝ ከአገጫችሁ በላይ ማየት አልቻልኩም ነበር። ድምፃችሁን ግን ዛሬም ብሰማው እለየዋለሁ። ተራራው ላይ ወድቄ በሌሊት ያወረዳችሁኝ፣ ቃሬዛው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያቺ "ከበድኩባችሁ አይደል?" እያለች ያደነቆረቻችሁ።

እግሬ ተርፏል። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ስለነበር ብረት ገብቶለት አሁን በክራንች እየተንቀሳቀስኩ ነው። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይመለሳል ብሎኛል። እኔ "ቀስ በቀስ" የሚለው ቃል ባይስማማኝም ምርጫ የለኝም። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። የማመሰግነው ሰው ብዙ ነውና ቅደም ተከተሉ ቢዛባብኝ እንዳትቀየሙኝ።

ከቤት ልጀምር። እህቴ ተራራ የሚባል ነገር አትወድም። "ምን ጎድሎብሽ ነው?" ትለኛለች ቦርሳዬን ባሰናዳሁ ቁጥር። ቢሆንም የሰጠናትን ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፋ ነበር የጠበቀችን። በየት እንደምንወጣ፣ በየት እንደምንወርድ፣ ስንት እንደሆንን፣ ምን ዓይነት ቀለም ጃኬት እንደለበስን፣ መኪናችን የት እንደቆመ፣ እስከ ስንት ሰዓት ድምፃችን ካልተሰማ ለማን እንደምትደውል፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። ጓደኞቼ የላኩት አጭር መልእክት ሲደርሳት ወዲያው ደወለች። የነፍስ አድን ሰዎች የጠየቋትን ሁሉ ከወረቀቱ እያነበበች መለሰች። ማልቀስ የጀመረችው ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው አሉኝ። እህት ዓለም፣ ክፉሽን አያሳየኝ።

መልእክቱን የላኩት ሁለት ጓደኞቼ ናቸው። የወደቅኩበት ቦታ ኔትወርክ የሚባል የለም። ስለዚህ ሁለቱ ተያይዘው ሸንተረሩ ላይ ወጡ። አንዱ ብቻውን ልሂድ ቢልም ሌላው አልለቀቀውም። እዚያም ጥሪው እየተቆራረጠ አስቸገራቸው። ያኔ ነው ወደ አጭር ጽሑፍ የዞሩት፤ ለድምፅ የማይበቃ ኔትወርክ አንዳንዴ ለጽሑፍ ይበቃል። የጻፉትን በኋላ እህቴ አሳየችኝ። መጀመሪያ ያለንበትን የሚያሳዩ የጂፒኤስ ቁጥሮች። ከዚያ "አራት ነን። አንዷ ቁርጭምጭሚቷ የተሰበረ ይመስላል። ነቅታለች፤ መራመድ አትችልም። ሙቅ ልብስ አለን።" በቃ። አንድ ትርፍ ቃል የለውም። ስልኩን ደግሞ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከሸሚዝ ሥር ደረታቸው ላይ ነበር የያዙት፤ ብርድ ባትሪ ይገድላላ።

ከሁለቱ አንዱ የጉዟችን ሒሳብ ሠሪ ነው። ሁሌ እናፌዝበታለን። ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1892 ያወጣት ቀመር አለችው። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ትይዛለህ፣ ሽቅብ ለምትወጣው ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምራለህ። ቀመሯ ዕረፍትን አታውቅም፤ ጭቃንም፣ የደከመ ጉልበትንም አታውቅም። ስለዚህ እሱ ከላይዋ ላይ ሌላ ትርፍ ሰዓት ይከምርባታል፤ እኛም "ሽማግሌው" እያልን በጠዋት እያጉረመረምን እንነሳለን። ያ ትርፍ ሰዓት ነው በቀን ብርሃን ሸንተረሩ ላይ ወጥተው እንዲመለሱ ያደረጋቸው። ሽማግሌው፣ ዕድሜ ይስጥህ።

ከእኔ ጋር ስለቀረችው ጓደኛዬ ምን ብዬ ልጻፍ? ስወድቅ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያው ቃል "እንዳትነሺ" ነበር። ከዚያ ወደ እኔ አልሮጠችም። መጀመሪያ ሽቅብ ወደ ቁልቁለቱ አየች፤ ሌላ ድንጋይ ይከተላል ወይ ብላ። ከዚያ መጣች። ጭንቅላቴን፣ አንገቴን፣ ጀርባዬን በእጇ ፈተሸች። የእግር ጣቶቼን ቆነጠጠችና "ይሰማሻል?" አለች። ይሰማኛል። የምንቀመጥባትን ስፖንጅ አጥፋ እግሬን ከግራና ከቀኝ ደገፈችና በሻርፕ አሰረችልኝ። ቦርሳዎቹን አራግፋ ከሥሬ አነጠፈቻቸው። ነፋሱን ነበር እኔ የፈራሁት፤ እሷ ግን የመሬቱን ቅዝቃዜ ነበር የፈራችው። በላብ የራሰውን ካናቴራዬን አስወልቃ ደረቅ አለበሰችኝ፤ ውኃ ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፍጥነት ሙቀት ያሸሻል። በላዩ ያቺን ብር የመሰለች ቀጭን የድንገተኛ ጊዜ ብርድ ልብስ ጠቀለለችብኝ።

ከዚያ ማባዣ ትጠይቀኝ ጀመር።

አበደች እንዴ ብዬ ነበር። ለካ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ምላስ ይተሳሰራል፣ እጅ አልታዘዝ ይላል፣ አእምሮ ይፈዛል። ሰው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ደግሞ አደጋው ብሷል ማለት ነው። የሰባት ማባዣ ላይ ስሳሳት ደነገጠች። ኧረ ሰባትን ድሮም አልችላትም አልኳት። በዚያ ብርድ ሁለታችንም ሳቅን።

ጭጋጉ የመጣው ሲመሻሽ ነው። የተዘረጋ እጅ አይታይም። እናንተ በላክንላችሁ ቁጥር መሠረት እየቀረባችሁ ነበር፣ ግን በጭጋግ ውስጥ የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ማን ይመራል? ፊሽካ። ጓደኞቼ በየተራ ይነፋሉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ስድስት። ይህን የጭንቅ ምልክት በ1894 ክሊንተን ዴንት የተባለ እንግሊዛዊ ተራራ ወጪ ነው ያቀረበው ይባላል፤ ከአልፕስ ተራሮች ተነስቶ ዛሬ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። በድምፅም በብርሃንም ያው ነው። ዝም የሚባልባት ደቂቃ ለመስማት ናት። አንዱ ዝምታ ላይ፣ ከታች፣ በጣም ከሩቅ፣ ሦስት ፊሽካ ሰማን። ሦስት ማለት "ሰምተናችኋል" ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያላለቀስኩት ሴትዮ ያኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። የነፋህ ወይም የነፋሽ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ያን ያህል አላስደሰተኝም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

የወደቅኩበት ቦታ መንገዱ የሚጠማዘዝበት ቁልቁለት ነው። መንገደኛ ጥምዝምዙ ሲሰለቸው ቀጥ ብሎ ይቆርጣል። ሣሩ ይረገጥና ይሞታል። ዝናብ ሲመጣ ውኃውም እንደ ሰው አቋራጭ ይወዳል፤ የተረገጠውን ይዞ ይወርዳል። ያ ቦታ ቦረቦር ሆኗል። አፈሩ ሄዶ ድንጋዩ ያለ መያዣ ቀርቷል። እኔ የረገጥኩት ከዋናው መንገድ ላይ ነበር፤ ግን ቦረቦሩ ከሥሩ በልቶታል። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ተንከባለለ።

ከዚያ በታች ያለው መንገድ ሌላ ነው። እናንተም ታስታውሳላችሁ። በላይኛው ክፍል ስድስታችሁ ቃሬዛውን ይዛችሁ፣ ሦስት በግራ ሦስት በቀኝ፣ ከፊት ያለው "ድንጋይ!" "ጉድጓድ!" እያለ እየጮኸ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ነበር የምንሄደው። ተረኞቹ ቶሎ ቶሎ ይተካኩ ነበር። ከዚያ ደረጃው ላይ ደረስን፤ ቃሬዛው መናወጡን አቆመ። ድንገት ጸጥ አለ። ምን ተፈጠረ ብዬ ጠየቅኩ። ከግራዬ ያለው ሰውዬ እያለከለከ "እዚህ የሠራነው ነው" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ይቺን ድንጋይ እኔ ነኝ የተከልኳት፤ ሁለት ጊዜ ጣቴን ቀጥቅጣኛለች" ብሎ ረገጣት። አልተነቃነቀችም።

ያኔ ነው የገባኝ። በዚያ ሌሊት የመጣችሁት ብቻ አልነበረም ያዳነኝ። ከዚያ በፊት ማንም በማያያችሁ ጊዜ፣ ዶማና ድጅኖ ይዛችሁ የመጣችሁባቸው ቀናትም ናቸው። ማን እንደሚያልፍበት ሳታውቁ የሠራችሁትን መንገድ እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ አለፍኩበት።

ከቤት መውጣት እንደቻልኩ መንገዱን የምትጠግኑበትን የሥራ ቀናችሁን ለማየት መጥቼ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ክራንቼን ይዤ "አይዟችሁ" ከማለት በቀር የሠራሁት የለም። ግን አየሁ። መንገድ መጠገን ማለት ለካ ከውኃ ጋር መደራደር ነው። መቀልበሻ ቦዩን መንገዱን አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርጋችሁ ነው የምትቆርጡት፤ አግድም ከሆነ ውኃው ይተኛና ደለል ይሞላዋል። የመንገዱን ገጽ በትንሹ ወደ ቁልቁለቱ ታዘነብላላችሁ፤ ውኃው በላዩ ሳይሮጥ ወደ ጎን እንዲወጣ። ደረጃ የሚሆነው ድንጋይ ደግሞ አብዛኛው አካሉ መሬት ውስጥ ነው የሚቀበረው፤ የሚታየው ጥቂቱ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቅጠል መጥረጉ ነው። አንዲት ልጅ ሙሉ ጠዋት ከቦይ ወደ ቦይ እየሄደች በአካፋ ቅጠልና ደለል ስትዝቅ ዋለች። የተደፈነ ቦይ እንደሌለ ይቆጠራል አለችኝ።

እናንተ ሰው መገሠጽ አትወዱም፤ ስለዚህ እኔ ልናገርላችሁ፣ ስብራቴ ትንሽ መብት ይሰጠኛል። መንገዱ መሐል ጭቃ ሲያጋጥማችሁ በመሐሉ እለፉ፤ ጫማ ይታጠባል። በዳር በዳር ሲታለፍ መንገዱ በየዝናቡ ይሰፋል፣ ሣሩም አብሮ ይጠፋል። ጥምዝምዙን አትቁረጡ። ለፎቶ ብላችሁ ድንጋይ አትከምሩ፤ በጭጋግ የመጣ ሰው የመንገድ ምልክት መስሎት ይከተለዋል። የወደቀ ዛፍ ወይም የተናደ ቦታ ካያችሁ ፎቶ አንሱና ያለበትን ቦታ ጨምራችሁ ለሚጠግኑት ላኩ። ላይክ ለመሰብሰብ ከመለጠፍ በፊት ማለቴ ነው።

ቀዶ ጥገና ያደረጉልኝን ሐኪሞችና ሌሊቱን ሙሉ ትራሴን ያስተካከለችልኝን ነርስ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራ ቦታ ላይ ድርሻዬን የሸፈናችሁልኝም እንዲሁ፤ ክፉ አይንካችሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ቃሬዛው ላይ ሳለሁ አንዳችሁ ጓንታችሁን አውልቃችሁ እጄ ላይ አጥልቃችሁልኛል። ግራጫ ነው፤ የቀኙ አውራ ጣት በሰማያዊ ክር ተጥፏል። አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይዤው እመጣለሁና ባለቤቱ ይረከበኝ። ለእኔም አንድ አካፋ አስቀሩልኝ። ሐኪሙ ድንጋይ እንዳልሸከም ነው የከለከለኝ፤ ስለ ቅጠል ያለው ነገር የለም።