ግልጽ ደብዳቤ፦ ባለቤቴ እናቱን አፈር ያላለበሰው በእናንተ ምክንያት ነው

ይድረስ የውጭ ዜጎችን ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ስሜን አልጽፍም። ፋይላችን እናንተው ጋ ስላለ ማን እንደሆንኩ ለማወቅ አይቸግራችሁም። ሦስት የአቤቱታ ደብዳቤ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ለአንዱም መልስ አልመጣም። አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ጻፍኩት።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ሱዳናዊ ነው። ካርቱም ስሠራ ተዋወቅን፤ ኒካሕ ያሰርነውም እዚያው ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ሲጀመር ለጥቂት ሳምንታት ቤት ዘግተን ተቀመጥን። ከዚያ አንዲት ሻንጣ ይዘን ወጣን። በሱዳን በኩል ባለችው የድንበር ከተማ በጋላባት በኩል መተማ፣ ከመተማ ጎንደር፣ ከጎንደር እናቴ ቤት። ልጃችን በየካቲት 2016 እዚሁ ባሕር ዳር ተወለደች።

ለባለቤቴ የመኖሪያ ፈቃድ ያመለከትነው በጥቅምት 2016 ነው። የኒካሕ ወረቀታችሁን አስተርጉሙ ተባልን፣ አስተረጎምን። ካርቱም ይረጋገጥ ተባልን። በዚያን ጊዜ ካርቱም ውስጥ የትኛው ቢሮ ተከፍቶ ነው የሚያረጋግጥልን? ይህም በስንት ምልልስ አለፈ። ከዚያ በኋላ የሰማነው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ "ሂደት ላይ ነው።" ይህን ቃል ለመስማት ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሻለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ለአውሮፕላን ቲኬት ተበድሬ ነው የሄድኩት።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የአማቴ ነገር ነው።

አማቴ የዋድ መዳኒ ሰው ናቸው። በታኅሣሥ 2016 ጦርነቱ እዚያ ሲደርስ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ገዳሪፍ ዘመድ ቤት ተጠጉ። ገዳሪፍ ከመተማ ማዶ ነው፣ በመኪና የሰዓታት መንገድ። እዚህ ቅርብ ተቀምጠው ልጃቸውን ሳያዩ ዓመት አለፈ።

በታኅሣሥ 2017 ታመሙ። ኩላሊት ነው አሉን። በዋትስአፕ ድምፅ ይልኩልን ነበር። ኔትወርክ ሲገኝ ሦስት አራቱ አንድ ላይ ይገባል። በመጨረሻ የላኩት "ልጅቷን አምጣልኝ፣ ሐቦባዋ ልያት" የሚል ነው። ሐቦባ በእነሱ አያት ማለት ነው።

ተያይዘን እናንተ ጋ መጣን። የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ በስልክ አሳየን። ሄዶ የሚመለስበት አንድ ወረቀት ስጡን አልን። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ እንዲህ አለችን፦ "መሄድ ይችላል፣ የከለከለው የለም። ከወጣ ግን ማመልከቻው ይዘጋል። መመለስ ሲፈልግ እዚያው ሆኖ አዲስ ቪዛ ይጠይቅ።" የት ሆኖ? "ፖርት ሱዳን።" በኦንላይን ቢሞላስ? "እሱ በቦሌ ለሚገባ ነው፣ በመተማ አይሠራም።" ከዚያ ፊታችንን አይታ "ለማንኛውም በዚህ ወር ያልቃል፣ ጠብቁ" አለች።

ክቡር ኃላፊ፣ ባለቤቴ ይህን ቃል አመነ። ልጃችን ገና ዳዴ ትላለች። ቢሄድ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን ሰው የለም። "አንድ ወር ነው፣ ልጠብቅ" አለ። ለእናቱም በቅርቡ እመጣለሁ ብሎ ላከባቸው።

ጥር 3 ቀን 2017 የሱዳን ጦር ዋድ መዳኒን መልሶ ያዘ። አማቴ ያን ቀን ተነሥተው ቁጭ አሉ ብለው ነገሩን። "ልጄ ሲመጣ ቤቴ እገባለሁ" ብለዋል። ጥር ሳያልቅ አረፉ። በዚያው ቀን ተቀበሩ። ወሩ አላለቀም ነበር። ፈቃዱም አላለቀም።

ባሕር ዳር ለቅሶ ተቀመጥን። የእናቴ ዕድር ድንኳን ጣለልን። የማያውቋቸው ሴቶች ንፍሮና ቡና ይዘው መጡ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። በሁለተኛው ቀን አንድ አባት ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጡና "ልጄ፣ እናትህ መተማ ማዶ ሞታ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አሉት። ክፋት አልነበራቸውም፣ ከልብ ገርሟቸው ነው። የባለቤቴ አማርኛ ገና ነው። "ወረቀት ማፊ" አላቸው፤ ወረቀት የለም ማለቱ ነው። ሽማግሌው አልገባቸውም። እኔም ማስረዳት አፈርኩ። ምን እላለሁ? መንግሥታችን ሄዶ እንዲመለስ አልፈቀደለትም ልበል?

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጣና ዳር ይወርዳል። ዋድ መዳኒ ዓባይ ዳር ናት። "ይኼ ውኃ በእናቴ ደጅ ያልፋል" ይለኛል። ሌላ ብዙ አይናገርም።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ቤተሰብ ከኅብረተሰብና ከመንግሥት ጥበቃ የማግኘት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 32 ደግሞ በሕጋዊ መንገድ እዚህ ያለ የውጭ ዜጋ በፈለገው ጊዜ ከሀገር መውጣት ይችላል ይላል። ወደ ሀገሩ የመመለስ መብት የተጻፈው ግን ለኢትዮጵያዊ ነው። እሺ፣ ይሁን። ግን ሚስቱም ልጁም ኢትዮጵያዊ ሆነው እዚህ እየጠበቁት፣ የመኖሪያ ማመልከቻው እናንተ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ መውጣት ትችላለህ ብሎ በሩን ከኋላው መዝጋት ምን ዓይነት ጥበቃ ነው? በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ጋብቻው 2 ዓመት ከሆነው፣ ከማመልከቱ በፊትም 1 ዓመት እዚህ ከኖረ፣ ሌላውን መስፈርት ካሟላ፣ ዜግነት እስከ መጠየቅ ይደርሳል። ሕጉ እዚያ ድረስ የሚያስጠጋውን ሰው እናንተ ለለቅሶ እንኳ አላመናችሁትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንጀቴ ውስጥ ስለቀረ። ከለቅሶው በኋላ ስመጣ አንድ ሌላ ሠራተኛ ፋይሉን እያገላበጠ "የሀገርሽ ወንድ ጠፍቶ ነው?" አለኝ። ሰው ሰምቷል። የውጭ ዜጋ ያገባች ኢትዮጵያዊት ዜግነቷን ልታጣ የምትችልበት ሕግ በ1922 ወጥቶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ያን ሽሮታል። ለዚያ ሠራተኛ ይህን የሚነግረው አለቃው ነው፣ እኔ አይደለሁም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጉዳዩ በእናንተ እጅ ላለ የትዳር ጓደኛ፣ ቤተሰብ ሲሞትበት ወይም ሲታመምበት፣ በየብስ ወጥቶ በየብስ የሚመለስበት ወረቀት ይሰጥ። ማመልከቻው አይዘጋበት። ቀን ስትቀጥሩም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ቅጠሩ።

የባለቤቴ እኅት የእናታቸውን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ልብስ፣ ከመቁጠሪያቸው ጋር አስቀምጣለች። አማቴ ለልጅ ልጃቸው ብለው የተውት ነው። ጋላባት ድረስ ይዤ እመጣለሁ ብላለች። እኔ ሄጄ ልቀበላት እችላለሁ፣ መታወቂያዬ አያስከለክለኝም። መሄድ ያለበት ግን እሱ ነው። በመንገዱም የእናቱን መቃብር ያያል። መቼ ትምጣ ልበላት? ቀኑን በጽሑፍ ይንገሩኝ።

ከባሕር ዳር